ዛሬ ምን ዋጥኩ?

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራው ስለ ቻክራ ነው። እዚህ ሱራ አብረውን ከሚሠሩት ሕንዶች ቃሉን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በሳንስክሪት መንኮራኩር፣ የጋሪ ጎማ ማለት ነው፤ ከአከርካሪ ሥር እስከ አናት ሰባት ናቸው ይላሉ። ሐኪም ሰውነት ቀዶ አያገኛቸውም። እምነት ለውጡ ማለቴም አይደለም። እኔ የምወስደው ጥያቄውን ነው፦ ዛሬ የቱ ጋ ከበደኝ?

እኛስ ብንሆን ሐዘንን በአካል አይደል የምንናገረው? ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴ አረረ፣ ልቤ ተሰበረ እንላለን። ከሰባቱ ለኛ የሚቀርበው የጉሮሮው ይመስለኛል፤ የመናገር ቦታ ይሉታል። ስንመጣ "ቻይው፣ ዋጥ አድርጊው" ተብለን የለ! ማታ ስትተኙ እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና "ዛሬ ምን ዋጥኩ?" በሉ። ለእናቴ "ደህና ነኝ" ያልኳት እውነት ነው? ለማዳም ያልነገርኳትስ?

የዋጣችሁት የእረፍት ቀን ከሆነ፣ በፈረንጅ 2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 በሳምንት አንድ ቀን ይሰጣችኋል። ይሄ ዓይን ጨፍኖ በመተንፈስ አይፈታም፣ ይጠየቃል፤ ብቻችሁን ከፈራችሁ መጀመሪያ እዚህ እንማከር። ናፍቆት ከሆነ ግን አልቅሱ። ደረት የሚወጋ ሕመም ደግሞ የሐኪም ነው፣ ቻክራ አትበሉት።

በሉ፣ እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉ። ማን ይጀምር?