የሰው ስምም አደራ ነው
(ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለምእመናን ተወካዮች የተደረገ ንግግር)



የእርዳታውን ገንዘብ በካዝና እንቆልፋለን፤ ቁልፉንም ለማንም አንሰጥም። የተረጂዎቻችን ስምና ቀበሌ፣ የልጆቻቸው ፎቶግራፍ፣ የሕመማቸው ታሪክ ግን ዛሬ የሚቀመጠው በኮምፒዩተር ነው። ይህም አደራ ነውና እንደ ገንዘቡ ሊጠበቅ ይገባዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ይህን ግዴታ አድርጎታል።

«እኛ ትንሽ ድርጅት ነን፤ ማን ይፈልገናል?» የሚል አይታጣም። ሌባ ግን ትልቅ ቤት ብቻ አይመርጥም፤ በሩ ክፍት የሆነውንም ይገባበታል።

በጥር 2014 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የኮምፒዩተር መዝገቡ በሰርጎ ገቦች መደፈሩን አስታወቀ። በመዝገቡ ከ515,000 የሚበልጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በጦርነት፣ በስደትና በአደጋ ከቤተ ሰባቸው የተለዩ ይገኙባቸዋል። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በወቅቱ ባልተደፈነ የሶፍትዌር ቀዳዳ ሲሆን፣ 70 ቀን ያህል ሳይታወቅባቸው ቆይተዋል። መዝገቡ እንዲዘጋ ግድ ስለ ሆነ፣ የጠፋ ዘመድ የማፈላለጉ ሥራ ተጓተተ። እንግዲህ ጉዳቱ ከቢሮው አልፎ በመዝገቡ ላይ ስሙ ለሰፈረው ሰው ይደርሳል ማለት ነው።

ብዙ ገንዘብ ሳናወጣ ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲጠይቅ «ነገ» አንበል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ኢሜይላችንም በይለፍ ቃሉ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመርበት። ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ።

ሦስተኛ፣ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» የሚል ደብዳቤ በኢሜይል ቢመጣ፣ ቀድሞ በምናውቀው ስልክ ደውለን ሳናረጋግጥ አንክፈል። በደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር የአታላዩ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ የመዝገባችን ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ይቆለፍበት፤ በየጊዜውም መከፈቱ ይፈተሽ።

አምስተኛ፣ የማያስፈልገንን አንጠይቅ፤ ያልያዝነውን ማንም ከእኛ ሊሰርቅ አይችልም።

ከሁሉም በላይ፣ በስሕተት የተሳሳተ መልእክት የከፈተ ሠራተኛ ወዲያው እንዲናገር አናስፈራራው። የተደበቀ ስሕተት ለሌባው ጊዜ ይሰጠዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ለዚህ ሥራ ኀላፊ የሚሆን አንድ ሰው ዛሬውኑ እንዲመርጥ እንጠይቃለን። ምእመናንም ስለ ሪፖርቱና ስለ ሒሳቡ እንደምትጠይቁን፣ ስለ መዝገቡም አጠባበቅ ጠይቁን።