የሪፈር ወረቀቱ ታችኛ ክፍል

ከመቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ሁሩሙን፣ ያዩን፣ በደሌን፣ አጋሮን አልፌ ጅማ ስገባ ልቤ እንደ ድሮው ድው ድው አለ፤ ፈተና ያለብኝ ነው የመሰለኝ።

ተናገሪ ስባል ስለ አንዲት ወረቀት ልናገር ብዬ መጣሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት ሌሊት፣ ከዲዱ በኩል አንዲት እናት በአምቡላንስ አመጡልን። ሁለት ቀን አምጣ ማሕፀኗ ተቀዷል። ኦፕሬሽን አደረግናት፤ ሕፃኑ አልተረፈም። በሦስተኛው ቀን ሽንቷ ቆመ። ዲያሊሲስ በእጃችን ስላልነበረ ሪፈር ጻፍኩና ሸኘኋት። ከዚያ በኋላ ዝም። ደውዬ ብጠይቅ "ዋርድ ተዛውራለች" ተባልኩ፤ በቃ።

ከአምስት ወር በኋላ ገበያ ውስጥ ማር ከሚሸጡት መካከል ባሏን አየሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዞር ብዬ ልሄድ ነበር። እሱ ግን ቀድሞ አየኝና "ዶክተር፣ ፈይቴ ጂርቲ!" አለኝ፤ ድናለች ማለቱ ነው። እኔ እኮ ለራሴ ቀብሬያታለሁ!

በሚቀጥለው ገበያ የመውጫ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ስንት ጊዜ ዲያሊሲስ እንደተደረገላት አነበብኩ። ዝቅ ብሎ ደግሞ እኔ የጀመርኩላት ጄንታሚሲን እንደገባች እንዲቆም መደረጉ ተጽፏል። ጄንታሚሲን ኩላሊትን እንደሚጎዳ ማን አላስተማረንም? ሽንቷ ሲቀንስ እኔ ማቆም ነበረብኝ። ዛሬ ሽንቷ የቀነሰ እናት ስትመጣ መጀመሪያ የማየው የመድኃኒት ካርዷን ነው። ይህን ትምህርት ያመጣልኝ ግን ፖስታም ሐኪምም አይደለም፤ ማር ሻጭ ነው። በእነዚያ አምስት ወራት ስንቷን በዚያው መንገድ አክሜ ይሆን?

ሲቢቲፒ ስንወጣ፣ ቤት ለቤት ሽንት ቤት ስንቆጥር፣ ውሻ ሲያባርረን ታስታውሳላችሁ? ያገኘነውን ይዘን አንጠፋም ነበር፤ ተመልሰን ለቀበሌው ሰው እንናገራለን። ቲቲፒ ላይም ከነርሱ፣ ከላብራቶሪውና ከሳኒቴሽኑ ልጅ ጋር አንድ ጤና ጣቢያ ውለን አንድ ድስት ዙሪያ እንቀመጥ ነበር። አሁን አንዳችን የላክነውን ሰው ሌላችን ተቀብለን መልስ አንጻጻፍም።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ከጎሬ፣ ከቡሬ፣ ከአልጌ የተላከልኝን ወረቀት ታችኛ ክፍል ስንቴ ባዶ ትቼዋለሁ! "ወረፋው በዛ" እላለሁ። በ2004 ዓ.ም. መቱ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ተማሪ በአጠገባችን ከቆመ ወዲህ ግን ማምለጫ የለም። አንዷ "ዶክተር፣ ከዚያስ ምን ሆነች?" አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ስለዚህ አሁን ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ከተማሪዎቼ ጋር ቁጭ ብለን የሳምንቱን መልስ እንጽፋለን። ሁሉንም አናዳርስም። ጤና መኮንኖቹ ግን መልሱን ሲያገኙ እየደወሉ ይጠይቁናል፤ በጊዜ መላክም ጀምረዋል።

ማኅበሩ ስጦታ ሲያዋጣ የአቅሜን አዋጣለሁ። ከእናንተ የምለምነው ሌላ ነው። ጅማም ሆነ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ከኢሉባቦር የመጣ በሽተኛ ሲገጥማችሁ ሦስት መስመር ጻፉልን፦ ምን አገኛችሁ፣ ምን አደረጋችሁ፣ እኛ ምን ብናደርግ ይሻል ነበር። ሦስተኛዋን ስትጽፉ አትሳቀቁ። አልቀየምም።