መጀመሪያ አፉን ይፍታ

(በተመራቂዎች የመገናኛ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ስለ ወሊድ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል፤ የምነግራችሁ ግን ስለ አንድ የተበላሸ ሞኒተር ነው። ታገሡኝ፣ ወደ ዋርድ እንመለሳለን።

የክፍላችን የሕሙማን መከታተያ ሞኒተር ሲበራ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ «ስክሪኑ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይገዛ» አልኩ። የባዮሜዲካል ባለሙያችን ግን ማሽኑን ፈታና ቦርዱ ላይ ካለው ሲሪያል ፖርት ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ወደ ላፕቶፑ ዘረጋ፦ መላኪያ፣ መቀበያ፣ ግራውንድ። ፍጥነቱን በሴኮንድ 115200 ቢት ላይ አስተካከለ፤ ካልገጠመ የሚወጣው ዝብርቅርቅ ፊደል ነው። ማሽኑ ጥቂት መስመር ጻፈ፣ ከርነሉን እያስነሳ መሆኑን ተናገረና ጸጥ አለ።

«ሞተ?» አልኩት።

«መሞቱንማ አየን፣ ዶክተር። ምን ሆኖ እንደሞተ ነው ያልነገረን።»

ከዚያ አስረዳኝ። ሊኑክስ ሲነሳ የሚያጋጥመውን ሁሉ መጀመሪያ የሚመዘግበው ሜሞሪው ውስጥ፣ ለራሱ ነው። ወደ ውጭ የሚናገረው ኮንሶሉ ሲዘጋጅ ነው። ከዚያ በፊት ከወደቀ መዝገቡ አብሮት ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው በማስነሻው ትእዛዝ ላይ «ኧርሊኮን» የምትል አንዲት ቃል ጨመረ። ያኔ ማሽኑ ገና ከጅምሩ አፉን ይፈታል። ሙሉ ድራይቨር አይጠብቅም፣ ኢንተረፕት አይጠብቅም። አንድ ፊደል ይልካል፣ መላኪያው እስኪለቀቅ ይጠብቃል፣ ቀጣዩን ይልካል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይሰማል። ዋናው ድራይቨር ሲደርስ ቦታውን ይለቅለታል።

እንደገና አስነሳው። የመጨረሻው መስመር ችግሩ ሜሞሪው ላይ መሆኑን አሳየን። ስክሪኑ ደህና ነበር።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ ተረኛ ኢንተርን ገና የወለደች እናት የልብ ምቷ እየፈጠነ መሄዱን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አይቶ ነበር። ቻርቱ ላይም ጽፎታል። ለእኔ የደወለው ግን 11 ሰዓት ላይ ነው፤ የሄሞግሎቢን ውጤት እየጠበቀ ነበር። ለምን? ከሳምንት በፊት ሞርኒንግ ላይ «ያልተሟላ ዳታ ይዘህ እንዳትመጣብኝ» ብዬ በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ። እናቲቱ ተረፈች። ማህፀኗ ግን አልተረፈም። የመጀመሪያ ልጇ ነበር።

ሪፖርቱ ላይ «ዘግይቶ ማሳወቅ» ተብሎ የተጻፈው በእሱ ስም ነው። የእኔ ንግግር የትም አልተጻፈም። ዛሬ እናንተ ፊት የምናገረው ለዚህ ነው። ልጁንም ፈልጌ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው፤ ሞርኒንግ ሲደርስ እጃችን እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የተቀበልነውን አወረስን።

አሁን ዲዩቲ ሲጀመር ለኢንተርኖቼ እንዲህ እላለሁ፦ «የአልጋ ቁጥሩንና ያስፈራችሁን ነገር ንገሩኝ፤ የቀረውን አብረን እንሞላዋለን።» አንዳንዴ በከንቱ እቀሰቀሳለሁ። ይሁን።

ብዙዎቻችን ዛሬ ሲኒየር ነን። ስትመለሱ፣ በእናንተ ሥር ያለው ልጅ ዳታው ሳይሟላ መደወል ይችል እንደሆነ እሱኑ ጠይቁት።