ወፍ ያልነገረውን ድመት ነገረች

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



በሰው ቤት አንድ ዕቃ የጠፋ እንደ ሆነ አስቀድሞ መደረግ የሚገባው ፍለጋ ነው። ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚደረገው ግን ጥርጣሬ ነው። ባለቤቱ ሣጥኑን እስከ ታች ሳይበረብር፥ አልጋውን አንሥቶ ከሥሩ ሳያይ፥ በቤቱ ካሉት ሰዎች ሁሉ መርጦ ዐይኑን በድኻው ላይ ይጥላል። የጠፋው ዕቃ ከሦስት ቀን በኋላ ከትራስ ሥር ይገኝ ይሆናል፤ በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ የጠፋው የሰው ስም ግን ከትራስ ሥር አይገኝም። ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ይህንኑ ነው። ነገሩ ከባድ ስለ ሆነ ቀለል ብሎ ይቀርብ ዘንድ አንዲት መበለትና አንዲት ድመት ያግዙኛል።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ከሚፈለግባቸው መንገዶች አንዱ ሌባሻይ ይባል ነበር። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ባለሙያው አንድን ልጅ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ልጁም ራሱን ስቶ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ በወገቡ የታሰረውን ገመድ ሌላ ሰው ይዞ ይከተለዋል። ልጁ ሲዞር ቆይቶ ከአንዱ ቤት ገብቶ ከመደቡ ላይ የተኛ እንደ ሆነ፥ የዚያ ቤት ጌታ ተጠያቂ ነው ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። እንግዲህ አስቡት። ልጁ ደክሞት ቢተኛ፥ መደቡ አምሮት ቢተኛ፥ ወይም ገመድ ያዡ ከባለቤቱ ጋር ቂም ኖሮት ወደዚያ ቢስበው፥ ፍርዱ ያው አንድ ነው። የልጁን እንቅልፍ የሚመረምር ዳኛ አልነበረም። ይህም ልማድ በኋላ ተከልክሎ ቀርቷል።

ከዚህ የሚሻለው አውጫጭኝ ነበር። ጎጃም አውጫጭኝ የሚለውን ሸዋ አፈርሳታ ይለዋል። ጥፋተኛው ያልታወቀ ወንጀል በተፈጸመ ጊዜ የአካባቢው አባወራ ሁሉ ከአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ ነገሩ እስኪወጣም ድረስ ወደ ቤት መሄድ አይፈቀድም። የተመረጡ ሽማግሌዎች እያንዳንዱን ሰው በመሐላ ይጠይቃሉ። የሚያውቀውን ለመናገር የፈራ ሰው ደግሞ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ይናገራል። ጠቋሚው እንዳይታወቅ ስሙ ወፍ ይሆናል ማለት ነው። ጥፋተኛው ካልተገኘ ጉዳቱን ሕዝቡ በኅብረት ይከፍላል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝኛ ለታተመው ልብ ወለዱ «አፈርሳታ» የሚል ስም የሰጠው ይህን ሥርዐት ይዞ ነው፤ በመጽሐፉም አንድ ጎጆ ይቃጠላል፥ ያቃጠለውም ሰው በጉባኤ ይፈለጋል።

አውጫጭኝ ከሌባሻይ የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በመድኃኒት ፋንታ መሐላን፥ በልጅ እንቅልፍ ፋንታ የሽማግሌ ጥያቄን አምጥቷል። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ ወፏ ተሳስታ ወይም ተቀያይማ እንደ ሆነ መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቃት የለም።

የውጭ አገር ደራስያንም ይህን የፍለጋ ነገር መተዳደሪያ አድርገውታል። እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ ሚስ ማርፕል የምትባል አንዲት ባልቴት ፈጠረች። ይህች ባልቴት መጀመሪያ በ1927 እ.ኤ.አ. በአጭር ታሪክ፥ ቀጥሎም በ1930 እ.ኤ.አ. በረዥም ልብ ወለድ ታየች። ፖሊስ አይደለችም፤ ሹመትም የላት። ክር እየሠራች፥ የመንደሯን ሰው ጠባይ እያስተዋለች ፖሊስ ያቃተውን ታገኛለች። አሜሪካዊቷ ሊሊያን ጃክሰን ብራውን ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ድመት በወንጀል ምርመራ የምትረዳበትን ተከታታይ ታሪክ መጻፍ ጀመረች። ከእነርሱ ቀድሞ አርተር ኮናን ዶይል በ1892 እ.ኤ.አ. ባወጣው አንድ ታሪክ፥ ሸርሎክ ሆልምስ ሌሊት ውሻው አለመጮኹን እንደ ማስረጃ ቆጥሮታል። ውሻው ያልጮኸው የገባውን ሰው ስለሚያውቀው ነበር።

እኛስ ከማን እናንሳለን? ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጠው አገር፥ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም ያሉበት የሊቃውንት አገር ነው። ሰምና ወርቅ ሲለይ ለኖረ ሰው ሌባና ንጹሕ መለየት ሊያቅተው አይገባም። ስለዚህ የሚከተለውን ታሪክ እዚያው አስቀምጬዋለሁ። ከመዝገብ የወጣ አይደለም፤ ለምሳሌ ያህል ያበጀሁት ነው።

በቢቸና ከተማ አንዲት መበለት ነበሩ እንበል። አባታቸው መሪጌታ ስለ ነበሩ ከጓዳ ሆነው ቅኔ ሲዘረፍ እየሰሙ አድገዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጠላ እየሸጡ፥ አንዷንም ክፍል እያከራዩ ይኖራሉ። ከሞጣ ገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ሥራ ታግዛቸዋለች። ከዚህ ሌላ ውሮ የምትባል ድመት አለቻቸው። ውሮ አንድ የታወቀ ዓመል ነበራት፤ ቅቤ ያለበት ዕቃ አፉ የተከፈተ እንደ ሆነ፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ከጣራም ላይ ብትሆን ሮጣ መጥታ ድርሻዋ እስኪሰጣት ትጮኻለች። ጾም የሚባል ነገር አያግዳትም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የተባለው ለእርሷ ይመስላል።

ክፍሏን የተከራዩት አንድ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። እኚህም ጸሐፊ ለሥራ ሞጣ ደርሰው፥ በጾም ምክንያት ቅቤ ረክሶ ስላገኙት፥ በአዲስ ቅል የተሞላና አንገቱ በጠፍር የተቋጠረ ቅቤ ገዝተው በደብረ ዘይት ዋዜማ ይዘው መጡ። ሻጩ አፉን ከፍቶ አቅምሷቸዋል፤ መልካም ቅቤ ነበር። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ላለው ቤተ ሰባቸው ሊወስዱት አስበው ከመበለቲቱ ቤት ማገር ላይ ሰቀሉት።

በጸሎተ ሐሙስ ጸሐፊው ቅቤውን ወደ ቆርቆሮ ለመገልበጥ ቅሉን ፈቱ። ከላይ አራት ጣት ያህል ቅቤ አለ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ሻግቶ። ጸሐፊው ኡኡ ብለው ጮኹ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ።

የመጀመሪያው ተከሳሽ ውሮ ነበረች። አንድ ጎረቤት «ያችው ድመት ናት እንጂ ማን ይሆናል!» አለ።

መበለቲቱም «ድመቴ ብዙ ኀጢአት አለባት፤ ድንች መቀቀል ግን አትችልም» ብለው መለሱ። ውሮም ወዲያው ነጻ ወጣች።

ሁለተኛዋ ተከሳሽ ልጅቱ ሆነች። በዚህ ቤት በየቀኑ ድንች የምትልጠው ማን ናት? እርሷ ናት። በጾሙ ወራት በከተማው ውስጥ ድንች ያልላጠ ሰው እንደሌለ ግን ያስታወሰ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ አውጫጭኝ ይደረግ አሉ። ገና ሰው ሳይቀመጥ አንዲት ሴት ወደ ጸሐፊው ጆሮ ጠጋ ብላ «ወፍ ነገረኝ፤ ይህችው ልጅ ናት» አለች። ጸሐፊውም ፖሊስ ልጥራ ብለው ተነሡ። ልጅቱ ታለቅሳለች፤ ዘመዶቿ ሞጣ ናቸው፥ በቢቸና ዋስ የሚሆናት የለም። አንድ ቃል ከዚያ ቤት ወጥቶ ገበያ ከደረሰ፥ ከእንግዲህ በየትኛውም ቤት «ያች የቅቤ ሌባ» ተብላ መቅረቷ ነው።

መበለቲቱ ብድግ አሉና «ወፍ ተናግሮ ጨርሷል። አሁን ደግሞ ወፍ የምትበላዋ ትናገር» ብለው ውሮን ከመደቡ አነሷት።

«ጌታው፥ ይህን ቋጠሮ ዛሬ የፈታው ማነው?»

«እኔው ነኝ፤ እንዴት ጠብቆ እንደ ነበረ! በጥርሴ ነው የፈታሁት።»

«ቋጠሮው የማን ነበረ?»

«የሻጩ ነዋ፤ ከሞጣ እንደመጣ ነው ያለው።»

«ደግ። ሌባ ቅቤ ሲሰርቅ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚጨልፈው?»

ጸሐፊው ዝም አሉ። በእርግጥም ሌባ የሚቸኩል ፍጡር ነው፤ ከላይ ያገኘውን ይወስዳል እንጂ ላዩን በጥንቃቄ አንሥቶ፥ ታቹን ጨልፎ፥ በድንች ሞልቶ፥ ላዩን መልሶ አይከድንም።

«ሦስተኛ፥ ይህ ቅል ከዚህ ቤት ሃያ ስድስት ሌሊት አድሯል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የውሮን ጩኸት የሰማ ጎረቤት አለ?»

ማንም የሰማ አልነበረም። ጸሐፊው ግን ሣቅ ብለው «እማማ፥ ድመት ደግሞ ምስክር ትሆናለች እንዴ?» አሉ።

«ምስክር አትሆንም። ጠቋሚ ግን ትሆናለች» አሉ መበለቲቱ። ጸሐፊውን አስፈቅደውም ቅሉን ሰብረው የላዩን ስባሪና የታቹን ስባሪ ጠርገው ከውሮ ፊት አኖሩ። ውሮ የላዩን እስኪያብለጨልጭ ላሰችው፤ የታቹን አንድ ጊዜ አሽትታ ጅራቷን አዙራ ሄደች።

ያን ጊዜ ሽማግሌው «ሌባሻይ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አጨበጨቡ።

መበለቲቱ ግን ተቆጡ። «የለም! ልጁ ከተኛ በኋላ የሚመረምር አልነበረም፤ ድመቴ ጅራቷን ካዞረች በኋላ ግን እኔ እመረምራለሁ።» ይህን ብለው ሁለቱን ስባሪ ከምድጃው አጠገብ አስጠጉ። የላዩ ስባሪ ሲሞቅ ቅባት አላበው፤ የታቹ እንደ ደረቀ ቀረ። ጸሐፊውም በጣታቸው ዳስሰው አረጋገጡ። ከቅሉ ሥር ቅቤ ኖሮ አያውቅም። ቅቤው ቢቸና ላይ አልተሰረቀም፤ ሞጣ ላይም አልተገዛም ነበር።

«ቅኔ ላዩ ሰም፥ ውስጡ ወርቅ ነው» አሉ መበለቲቱ፤ «ይህ ነጋዴ ግን ወርቁን ከላይ አድርጎ ሰሙን ከሥር ሸጠልዎ።»

ጸሐፊው አፍረው ልጅቱን ወደ ጓዳ ጠርተው ይቅርታ ሊጠይቁ ፈለጉ። መበለቲቱ መንገዱን ዘግተው፥ «ስሟን በጉባኤ አጥፍተው ይቅርታውን በጓዳ አይጠይቁ» አሉ። ጸሐፊውም በሰው ሁሉ ፊት ቆመው «በድዬሻለሁ፥ ይቅር በይኝ» አሏት። ያች ወፍ ግን ቀድማ በርራ ሄዳ ነበር።

እንግዲህ ታሪኩን እዚህ ላይ እናቁምና ፍሬውን እንልቀም።

የውሮ ነገር ቀልድ ብቻ አይደለም። ሰው በሰከንድ ከ20 ሺህ ንዝረት በላይ ያለውን ድምፅ አይሰማም፤ ድመት ግን ከ60 ሺህም በላይ ያለውን ትሰማለች። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ድመት የጣፋጭን ጣዕም የምትለይበት ተፈጥሮ እንደ ጎደላት አሳይቷል፤ ለድንች ጀርባዋን ብትሰጥ አያስደንቅም። ከሰው ጋር ያላት ጉርብትናም ጥንታዊ ነው፤ በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ያለፈው፥ ድመት ከሰው አጠገብ የተቀበረችበት መቃብር ተገኝቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የመበለቲቱ ጥበብ በድመቷ በማመናቸው ላይ አይደለም፤ በድመቷ ብቻ ባለማመናቸው ላይ ነው። ምልክት ሌላ፥ ማስረጃ ሌላ ነው። ምልክት የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል፤ ማስረጃ ግን የሚጠራጠረው ሰው ራሱ በጣቱ ዳስሶ የሚያረጋግጠው ነው። የሌባሻይ ጥፋት ምልክቱን ፍርድ ማድረጉ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ ቃል ለፍርድ ቤት ብቻ የተጻፈ ይመስለናል። ነገር ግን ብዙው ሰው የሚፈረድበት ከፍርድ ቤት ውጭ ነው፤ በወጥ ቤት፥ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር፥ በቡና ላይ ወሬ ነው። ፋይል የጠፋ እንደ ሆነ ተላላኪው፥ ገንዘብ የጎደለ እንደ ሆነ የጽዳት ሠራተኛዋ ትጠረጠራለች። ፋይሉ ከአለቃው ጠረጴዛ ላይ በሌላ ፋይል ሆድ ውስጥ በተገኘ ጊዜ ግን ተላላኪውን ጠርቶ በጉባኤ ይቅርታ የሚጠይቅ ስንቱ ነው?

ደግሞም እውነተኛው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ ከቤት ውስጥ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ቅቤ ከሙዝ ጋር ተቀይጦ ለገበያ ቀረበ ሲባል እንሰማለን። ንጹሕዋን ልጅ በመወንጀል ላይ የዋልን እንደ ሆነ ቀያጩ ነጋዴ በሰላም ሁለተኛ ቅል ይሞላል። በንጹሕ ላይ የሚወድቅ ጥርጣሬ ሁሉ ለሌባው የተሰጠ የማምለጫ ጊዜ ነው።

ስለዚህ፥ አንባብያን ሆይ፥ አንድ ነገር በጠፋባችሁ ጊዜ ከመናገራችሁ በፊት የመበለቲቱን ሦስት ጥያቄዎች ለራሳችሁ አቅርቡ። ዕቃው መጨረሻ በማን እጅ ነበር? ነገሩ የጠረጠርሁት ሰው ሊያደርገው በሚችልበት አኳኋን ተደርጓልን? ይሰማ ይታይ የነበረው ነገርስ በእርግጥ ተሰምቷልን፥ ታይቷልን? «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላሉ አባቶቻችን። ወፍ ወደ ጆሯችሁ በመጣችም ጊዜ ስሟንና ያየችውን ነገር ጠይቋት፤ መልስ ያላት እንደ ሆነ ትቀመጣለች፥ የሌላት እንደ ሆነ ግን ትበራለች።