ያረጀ መኪና ሲታደስ፦ ከወንበሩ ወይስ ከእግሩ?

(በጅማ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ አይደለም፤ በአገራችን ጎዳናዎች ላይ አሁንም ድምፁ ስለሚሰማው፣ በተለምዶ ቮልስ ስለምንለው መኪና ነው። ይሁን እንጂ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ብረት ሁሉ የመሐንዲስ ጉዳይ ነውና ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

በመጀመሪያ የነገሩን ክብደት እንመልከት። ይህ መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጥቷል። በእጃችን ያለው አብዛኛው ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀድሞ የተሠራ ነው። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ያለውን አድሶ መያዝ የትዝታ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። እድሳቱ በበዛ ቁጥር ግን ያለ ስሌት የሚደረገው ለውጥም አብሮ ይበዛል።

ባለንብረቱ መኪናውን ወደ ጋራዥ ሲወስድ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ወንበሩ ልብስ፣ ስለ ጣሪያው ጨርቅና ስለ ቀለሙ ነው። ገንዘቡ የሚያልቀውም እዚያው ላይ ነው። መኪናው የሚቆምበት እግር ሳይነካ ይቀራል፤ ወይም ደግሞ «ድንጋይ እንዳይመታው ከፍ አድርጉልኝ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ይታዘዛል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

የጋራዥ ቋንቋችን በብዙው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ እንላለን። የተለመደው ቮልስ ግን በባሌስትራም ሆነ በጥቅል ሞላ አይቆምም። ከፊት በኩል ሁለት አግድም ቱቦዎች አሉ፤ በውስጣቸው ያሉት የተነባበሩ ስስ ብረቶች መኻላቸው ላይ ታስረው፣ ጎማው ሲነሣና ሲወርድ ይጠመዘዛሉ። ከኋላ ደግሞ በየጎኑ አንድ ድፍን ክብ ብረት ይጠመዘዛል። ቶርሽን ባር የሚባለው ይህ ነው። የግራውና የቀኙ የመጠምዘዣ አቅጣጫቸው በፋብሪካ የተወሰነ ስለ ሆነ ሊለዋወጡ አይገባም። እሳት ከነካቸው የተሰጣቸው ጥንካሬ ይጠፋል፤ ላያቸው ቢጫር ደግሞ ጭረቱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ስለዚህም ብየዳና መዶሻ ከዚህ ብረት መራቅ አለባቸው።

የኋላው ብረት ጥርሶች የተሠሩበት ጥበብ ሊደነቅ የሚገባው ነው። በውስጠኛው ጫፍ 40፣ በውጭኛው ጫፍ 44 ጥርሶች አሉት። 360 ዲግሪ ለ40 ሲካፈል 9 ዲግሪ፣ ለ44 ሲካፈል 8.18 ዲግሪ ይሆናል። አንዱን ጫፍ በአንድ ጥርስ ወደ ፊት፣ ሌላውን በአንድ ጥርስ ወደ ኋላ ብናዞር ልዩነቱ 0.82 ዲግሪ ብቻ ነው። ክንዱ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው ብለን ብናሰላ፣ ይህ በጎማው በኩል ወደ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ ይሰጣል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ በተሞላበት ሥራ ላይ በግምት ጥርስ መዝለል ምን ያህል ድፍረት እንደ ሆነ አስቡት። አንድ ሙሉ ጥርስ በአንድ ጫፍ ብቻ የተዘለለ እንደ ሆነ ከፍታው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይለወጣል።

ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት አስፋልት ወጥቶ ወደ ቡናው ማሳ በሚወስደው ቀይ የጭቃ መንገድ የሚሄድ ሰው መኪናው ከፍ እንዲልለት ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን የቀድሞው ቮልስ የኋላ አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው አጠገብ ባለው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ነው። የመኪናው ጀርባ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ሞተሩ ከኋላ በመሆኑም ከግማሽ በላይ የሆነው ክብደት በእነዚህ ጎማዎች ላይ ነው። ሹፌሩ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት በፍጥነት ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ይበልጥ ወደ መኪናው ሥር ይገባል፤ መኪናውም ጀርባውን አንሥቶ ሊገለበጥ ይችላል። ፋብሪካው ራሱ ይህን ተረድቶ ለ1967 ሞዴል ተጨማሪ ማመጣጠኛ ብረት ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው 1302 ደግሞ በየጎኑ ሁለት መገጣጠሚያ ያለው አክስል አደረገ። በዚሁ መሠረት ላይ የታነጸው የስፖርት መኪና መልክ ያለው ካርማን ጊያም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ መልኩ ፈጣን ነው እንጂ እግሩ ያው የቮልስ እግር ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል። መኪናው ከመፈታቱ በፊት የአራቱም ጎማዎች ከፍታ ተለክቶ በወረቀት ይጻፍ። ቀጥሎ ያለቁ የጎማ ቦኮላዎች ይለወጡ፤ ብዙ ጊዜ «ብረቱ ደክሟል» የሚባለው ቦኮላው አልቆ ነው። ከዚያ አሞርቲዛተሮቹ በጥንድ በጥንድ ይለወጡ። እስከ 1965 ሞዴል ድረስ ያሉት የፊት እግሮች ግራሶ አዘውትሮ ካልተሰጣቸው ይበላሉና ይህ አይዘንጋ። ከፍ ማድረግ ግድ ከሆነ በጥቂት ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። እያንዳንዱ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቡና ጆንያ ከኋላ መቀመጫ ላይ የሚደረድር ሰውም ስሌቱን በጭነት እንጂ በባዶ አያድርግ።

ወደ ወንበሩ የምንመለሰው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ስል ወንበር ጌጥ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። መሸፈኛው ከጠፋ፣ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ይነሣል፤ የወንበሩ ደረቅ ጭረት ደግሞ ለእሳት ማገዶ ነው። ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ወለሉን ይበላል። በጅማ ዙሪያ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ስለሚወርድ፣ በወፍራም ምንጣፍ ሥር የተደበቀ እርጥበት የቀረውን ይጨርሳል። ስለዚህ ቆዳና ስፖንጅ ከመግዛት በፊት ወለሉ ተፍቆ ይታይ፤ የበሰበሰው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካ፤ ባትሪው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ክዳን ይሸፈን። ምንጣፉም ተነሥቶ ፀሐይ ሊሰጣ የሚችል ይሁን።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለጋራዦች የሚታደል፣ ከፍታና የጥርስ ቁጥር የሚመዘገብበት አንድ ገጽ ቅጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እናዘጋጅ። ሁለተኛ፣ በየቶርኖ ቤቱ የሚሠሩት ቦኮላዎች በዩኒቨርሲቲያችን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጥንካሬያቸው እንዲፈተን እንጠይቅ። መካኒኮቻችን በእጃቸው ያለው ዕውቀት ከብዙዎቻችን ይበልጣል፤ የጎደላቸው የተጻፈ መለኪያ ነው። እሱን መስጠት ደግሞ የእኛ ዕዳ ነው።