እህሉን ያመጣልንን ሰው ማን ይቅበረው?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 ዛሬ የምንናገረው ስለ እህል መኪና ሹፌሮች ነው። «ይኼ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ መጨረሻው ዕድር ነው።

እኛ በእህል መጋዘን በጸሐፊነት ስንሠራ ሹፌርን የምናውቀው በወረቀት ነበር። ስሙን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የጫነውን ኩንታል እንመዘግባለን፤ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ነገር ግን ያ ወረቀት እኛ ዘንድ እስኪደርስ ስንት አገር እንደሚያቋርጥ ማሰብ ይገባል። የእርዳታ እህል ቀደም ሲል በአሰብ ይገባ ነበር፤ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዋናው በር ጅቡቲ ነው። እህሉ በጋላፊ ገብቶ፣ የሚሌን ሐሩር አልፎ፣ አንዳንዴም ኮምቦልቻ ተራግፎ እንደገና ተጭኖ ወልድያ ይደርሳል። ከዚያ የድልብን ዳገት ቧጥጦ ደጋው ላይ ይወጣል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ጋሸና ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፍና 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላሊበላ ይገባል።

የሹፌር ሥራ መሪ መያዝ ብቻ አይምሰላችሁ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ካልወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። መኪናው ዳገት ላይ ቢቆም ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል። ሸራው ተቀዶ ዝናብ ከገባ እህሉ ይሻግታል። ከጭነቱ ከጎደለ ተጠያቂው እሱ ነው። ሒሳቡንም እንይ፦ 150 ኩንታል ማለት 15,000 ኪሎ ነው። ለአንድ ሰው ለወር 15 ኪሎ ቢታሰብ የ1,000 ሰው የወር ቀለብ ነው። አንድ መኪና ገደል ሲገባ ሺህ ሰው ያለ ቀለብ ይቀራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገራችን እንምጣ። በ1995 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት በአገራችን 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ነበር። ላስታም የዚያው ዕጣ ደረሰው። በሐምሌ ወር አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ዝናቡ ሲያወርደው፣ አንድ መኪና መጋዘናችን በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ ከሳምንት በፊት ቆላ ተመላልሶ ኖሮ ወባ ይዞታል፤ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። «መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂድ» ብንለው፣ «ሸራው ተቀዷል፤ መጀመሪያ እህሉን አራግፉልኝ» አለን። እኛም እሺ ብለን አራገፍን። እስከ ዛሬ የሚቆጨን ይኼ ነው። አንድም ሳይጎድል አስረክቦ ፈረመ። ሐኪም ቤት የገባው ሌሊት ነው፤ ሲነጋ ዐረፈ።

አገሩ ሩቅ፣ ስልክ እንደ ዛሬ አይደለም፤ ያሠራው ድርጅትም ቶሎ ሰው አልላከም። በሠፈራችን ወዳለ አንድ ዕድር ሄደን ድንኳን ብንጠይቅ «አባል ነው ወይ?» ተባልን። አባል አይደለም። «እንግዲያው ደንቡ አይፈቅድም» አሉን። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል። ሬሳው ቤተ ክርስቲያን ደጅ በሸራ ተሸፍኖ ሳለ፣ ስንዴ ሊቀበሉ የመጡ አንዲት አሮጊት ነገሩን ሰሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «የልጆቼን እንጀራ ይዞልኝ መጥቶ የሞተ፣ እንዴት ባዳ ይሆናል?» ብለው አለቀሱ። በዚህ ጊዜ ሰልፉ ፈረሰ። ቀለብ ጠባቂው ሁሉ ስልቻውን አስቀምጦ፣ ያለ ድንኳንና ያለ ጥሩምባ ቀበረው። የጾመው አጥቦ፣ የተራበው ተሸክሞ ቀበረው፤ ዕድሩ ግን አልነበረም።

ወገኖቼ፣ የመኪናን ዋጋ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ዳግመኛ ዐይተናል። መንገዱ ተዘግቶ የእህል መኪና ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደ ሆንን ለእናንተ አይነገርም፤ አብረን አሳልፈነዋልና። ሹፌሮችም ዛሬም ቢሆን ወደዚህ የሚመጡት እየሠጉ ነው።

ስለዚህ ይህ ስብሰባ በሦስት ነገር ላይ እንዲወስን እንለምናለን። አንደኛ፣ ለሕዝቡ ቀለብ ጭኖ መጥቶ በሠፈራችን የሞተ ሹፌር ወይም ረዳት፣ ሃይማኖቱም አገሩም ሳይጠየቅ፣ ድንኳናችንና ጉልበታችን ይውጣለት፤ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም እንደየሥርዓቱ ይቀበር። ሁለተኛ፣ ጸሐፊያችን ለቤተሰቡ መርዶው በወግ እንዲደርስ ያድርግ፤ መቃብሩ የት እንደ ሆነም በመዝገብ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ለሞተው ብቻ ሳይሆን ታሞ ለመጣው እንድረስ፤ አንድ ሰው ሐኪም ቤት ያድርሰው፣ ሌላው መኪናውን ይጠብቅለት። ያን ማታ እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ ምናልባት ሰውየው ልጆቹን ባየ ነበር።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ድንኳኑ አለ፣ ቃሬዛው አለ፣ አካፋና ዶማው አለ። የጎደለው በደንባችን ላይ አንድ መሥመር ብቻ ነው። እሱን እንጻፍ።