«እኔ» ብሎ መጻፍ ሲከብድ

እሷ፦ ሜሪላንድ የምትሠራ አንዲት ነርስ ወዳጄ ለፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነር ማስተርስ ልታመለክት ማመልከቻውን ከከፈተች ሁለት ሳምንት ሆናት። ትራንስክሪፕቷ ደርሷል፣ የአርኤን ፈቃዷም አለ። ያቃታት ስለ ራሷ የምትጽፈው አንድ ገጽ ነው።

እሱ፦ አይፈረድባትም! ያደግነው «ራስህን አታወድስ» እየተባልን አይደል?

እሷ፦ ረቂቋን አሳየችኝ። «ሰው መርዳት ደስ ይለኛል» ይላል። አንድ ሌሊት የታካሚዋ አተነፋፈስ መለወጡን ቀድማ አይታ ሐኪሙን የጠራችበትን ታሪክ ግን ዘላዋለች።

እሱ፦ እሱን ነው እንጂ የምትጽፈው! ምን አየች፣ ምን ወሰነች፣ ከዚያስ? ሰው መርዳት ደስ የማይለው አመልካች የት አለ?

እሷ፦ የድጋፍ ደብዳቤውንም አለቃዋን የጠየቀችው የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

እሱ፦ አይ ይሉኝታ! እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ክሊኒክ ውስጥ መለማመድ አለ። አሠልጣኙን ማን ያገኝላታል? ራሱ የሚመድብ ትምህርት ቤት አለ፤ «ራስሽ ፈልጊ» የሚልም አለ።

እሷ፦ ኦንላይን ነው፣ ይመቻል ብለው ገብተው እዚያ ላይ የሚቆሙ አሉ።

እሱ፦ ሳትከፍል ትጠይቅ። ፕሮግራሙ ሲሲኤንኢን ከመሰለ የነርሲንግ ትምህርት ዕውቅና ሰጪ አካል ዕውቅና ማግኘቱንም ታረጋግጥ፤ አለዚያ ተመርቃም ለሙያ ማረጋገጫው ፈተና ላትቀመጥ ትችላለች።

እሷ፦ ዛሬ ፈረቃ ከመግባቷ በፊት እደውልላታለሁ። ያቺን ሌሊት ትጻፋት።